ዝገት የያዛት መኪና

ጣቴን ቸርኬው ላይ ያሳረፍኩት ሳላስበው ነው። ክረምቱን ሙሉ እኔ ግቢ የቆመችውን መኪናህን ዛሬ ጠዋት ልታንቀሳቅሳት ስትል ከጎማው ውስጥ የሚያንገጫግጭ ድምፅ ወጣ። ደንግጠህ ወረድክና አጎንብሰህ አየህ፤ የፍሬኑ ዲስክ ብርቱካናማ ዝገት ለብሷል። «አክስቴ፣ ተበላሸች!» አልከኝ። አልተበላሸችም። ትንሽ ሄደህ ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሬን ስትይዝ ዝገቱ ተፍቆ ይረግፋል። ይህንን ላሳይህ ነበር ያጎነበስኩት። ጣቴ ላይ ግን የፍሬኑ ጥቁር ብናኝ ቀረ፤ እንደ ኩል የላመ፣ የተቃጠለ ብረት የሚሸት። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ከዚያ በኋላ ያልከኝን አልሰማሁም። አንተም አመማት ብለህ ወንበር አመጣህልኝ።

አላመመኝም። መኪናዋ የትም አትሄድም፤ አንተም ቁጭ በልና ልንገርህ።

የእኛ መኪና ነጭ ነበረች፤ ትንሽ፣ ባለ አራት በር፣ የጣሊያን ሥሪት። አባቴ ሹፌር ነበር። ከአብዮቱ በፊት ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶችን እየጫነ ወደ ሶደሬ ፍል ውሃ፣ ወደ ዝዋይና ወደ ላንጋኖ ይወስድ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ እንግዶቹ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ የሚጭነው የናዝሬትን ሰው ሆነ፤ ሙሽራ፣ በሽተኛ፣ ምጥ የያዛት ሴት። ቤንዚን በኩፖን ስለነበር መኪናዋ ብዙውን ቀን ግቢያችን ውስጥ፣ ከፓፓያው አጠገብ ቆማ ትውላለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ያጥባታል። ሌላው ሹፌር ጣራውንና መስታወቱን ካሳመረ በቃው፤ የእኔ አባት የሚጀምረው ከጎማ ነበር። በተለይ ከአሰላ ቁልቁለቱን ወርዶ በመጣ ማግስት ቸርኬዎቹ ከሰል ይመስላሉ። የእጅ ፍሬኑን ይስብና በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና፣ ጥቁሩን ብናኝ ከየስርጓዳው እየጎረጎረ ያወጣዋል። እጣቢው እንደ ቀለም ጠቁሮ ወደ ፓፓያው ሥር ይወርዳል። እናቴ ከበር ሆና ታየውና፣

«ነገ ተመልሶ ለሚጠቁር ይሄን ሁሉ?» ትለዋለች።

«ካልጠቆረ ነው የሚያስፈራው» ይላታል። «ጠቆረ ማለት ፍሬኑ ያዘ ማለት ነው። ባይዝ ኖሮ ትላንት እራት ላይ አታገኚኝም ነበር።»

ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥርሱ እንደ ብዙዎቻችን በውሃው የወየበ፤ ሲስቅ አፉን በእጁ መዳፍ ይሸፍናል። ሲነዳ ግን ሌላ ሰው ነው። መኪናዋ መቼ መቆም እንደጀመረች ሳታውቀው ቆማ ታገኛታለህ። የሰፈሩ ሴቶች «በእሱ መኪና እንቁላል ታቅፈሽ ብትሄጂ አይሰነጠቅም» ይሉ ነበር። ምጥ ሲመጣ ከሌላው ሁሉ እሱን የሚያስጠሩት ለዚህ ነው።

የወሰዱት ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ጎማ ሲያጥብ።

ክረምት መግቢያ ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ አድሮ አየሩ የረጠበ አቧራ ይሸታል። ከባቡር ጣቢያው በኩል ፉጨት ይሰማል። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሹሩባዬን እየፈታሁ ነበር። የቀበሌው ሊቀመንበር ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ በሩን ሳያንኳኳ ገባ። አባቴ ከበርጩማው ሳይነሳ ቀና ብሎ አየው።

«ከሞጆ ማንን ጭነህ ነው የመጣኸው?» አለው ሊቀመንበሩ።

«መቼ?»

«መቼ እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ።»

አባቴ ከሞጆ ስንት ሰው ጭኖ መጥቷል። በኋላ ከሰው እንደሰማነው፣ የሚፈለገው መንገድ ዳር እጁን ዘርግቶ ያስቆመው አንድ ወጣት ነበር። አባቴ ስሙን እንኳ አልጠየቀውም። ፀሐዩን አይቶ፣ ፍሬን ይዞ፣ ቆመለት። ጥፋቱ ይኸው ነው።

እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር አረፋ ነበር። እናቴ ከማድ ቤት ወጥታ ጠመንጃዎቹን ስታይ ትጮሃለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም።

«እጁን ብቻ ይታጠብ» አለች። «እባካችሁ ወንድሞቼ፣ እጁን ይታጠብ።»

ከጠባቂዎቹ አንዱ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነበር። ባልዲውን አየ፤ ከዚያ ሊቀመንበሩን አየ።

«እዚያም ውሃ አለ» አለ ሊቀመንበሩ።

አባቴ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። በበሩ ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ ለእናቴ፣ «ጎማዋን አድርቂያት። እርጥብ እንዳትቆም» አላት። ከዚህ ሌላ አንድም ቃል አልተናገረም። ሌላ ቢናገር ድምፁ ይሰበርብኛል ብሎ ይሆናል፤ አላውቅም። እስከ ዛሬ አላውቅም።

እናቴ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውልቃ ጎማዎቹን አንድ በአንድ አደረቀች። ከቸርኬው ኋላ ያለውን ብረት ግን በነጠላ ማድረቅ አይቻልም። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዘነበ።

ወደ እስር ቤቱ ስንቅ ማመላለስ ጀመርን። ጠዋት እናቴ፣ ማታ እኔ። ሳህኑ ባዶውን ሲመለስ እናቴ ክዳኑን ከፍታ ውስጡን ትመለከታለች፤ በጣት የተጠረገበትን መስመር ፈልጋ ስታገኝ «በልቷል» ትላለች። አንድ ቀን በር ላይ ያለው ዘበኛ ሳህኑን ሳይቀበለኝ ቀረ። «ተዛውሯል» አለኝ። የት ብዬ ጠየቅኩት። «አይታወቅም።» ምግቡ እጄ ላይ እንደሞቀ ወደ ቤት ይዤው ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ በየከተማው በር ለበር ሆነ። በአውቶቡስ፣ ሲጠፋ ደግሞ ወደ አሰብ በሚመላለሱት የነዳጅ ቦቴዎች ጋቢና ተለምነን እየገባን፣ ደብረ ዘይት ሄድን፣ አሰላ ሄድን፣ አዲስ አበባም ሄድን። በየእስር ቤቱ በር ላይ ፀሐይ ሲያቃጥለን ይውላል። ከብዙ ሴቶች መሐል ተራችን ሲደርስ የሚሰጠን መልስ አንድ ነው፤ «እዚህ የለም።» እናቴ መልሱን ከሰማች በኋላ እንኳ ቶሎ አትሄድም። ሌላ ቃል የሚጨመርላት ይመስል ትንሽ ትቆማለች።

ከውጪ ስመለስ መጀመሪያ የማየው ጎማውን ነበር። ቦርሳዬን አስቀምጬ እንበረከክና በቸርኬው ክፍተት እመለከታለሁ። አንድ ሰሞን ዲስኩ ላይ የነበረው የሻይ ጠብታ የሚመስል ነጠብጣብ ነው። ከዚያ ነጠብጣቡ ተያይዞ ብርቱካናማ ሆነ፤ ክረምቱ ሲበረታ ደግሞ እንደ ዛፍ ቅርፊት ጠቆረና ወፈረ። እናቴ መኪናዋን ሸራ አልብሳ በድንጋይ አስያዘችው። የናዝሬትን ነፋስ ታውቀዋለህ፤ ሸራውን ወስዶ ከጎረቤት አጥር ላይ ሰቀለው። ደጋግማ አለበሰች፣ ደጋግሞ ወሰደው። በመጨረሻ ተወችው። ዝናቡ ነጯን መኪና ሲወቅጣት በር ላይ ተቀምጣ ታያለች።

«ጎረቤታችንን ጥሪልኝ» አለችኝ አንድ ቀን።

ጎረቤታችን መካኒክ ነበር፤ የአባቴ የልብ ጓደኛ፣ የአርሲ ሰው፣ ወፍራም፣ አፉ ከፉጨት የማይለይ። አባቴ ከተወሰደ ወዲህ ግን በእኛ አጥር ሥር ሲያልፍ አያፏጭም። መጣና ተንበርክኮ በጎማ መፍቻው ዲስኩን ጫር ጫር አደረገ። ቀይ ዱቄት ረገፈ።

«ምን ይሻላል?» አለችው እናቴ።

«ጎማውን አውልቄ በሽቦ ብሩሽ ብፈትገው ይለቃል። ግን እትዬ…» ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ቀነሰ። «የምትሄድ ከሆነች ይወስዱብዎታል። ቀበሌው መኪና እየፈለገ ነው። ባንነካት ይሻላል።»

«ትዛግ ነው የምትለኝ?»

«ትዛግ።»

«እርጥብ እንዳትቆም ብሎኝ ነው የሄደው።»

መካኒኩ ጣቶቹን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፤ ንጹሕ ከሆኑም በኋላ መጥረጉን አላቆመም።

እንደፈራውም መጡ። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ሊቀመንበሩ ከሹፌር ጋር ገባና መኪናዋ ለእናት አገር ጥሪ ተፈልጋለች አለ። እናቴ ቁልፉን ከጡቷ ሥር አውጥታ ሰጠችው፤ ምን ታደርጋለች። ሹፌሩ ገብቶ ሞከረ፣ ባትሪው ሞቷል። የእጅ ፍሬኑን ለቀቀና ከመንገድ ወንዶች ጠርቶ አስገፋት። ገፏት። ኋላዋ ከፍ ዝቅ አለ እንጂ ንቅንቅ አላለችም። አባቴ ያን ጠዋት ስቦት የሄደው ፍሬን ከነእርጥበቱ ዲስኩን እንደነከሰ ዝጎ ተጣብቋል። ሊቀመንበሩ መካኒኩን አስጠራ።

«ምን ሆና ነው?»

መካኒኩ ዙሪያዋን ዞረ። ጎማውን በእግሩ መታ አደረገ። ፊቱ ላይ ላብ ነበር።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይህቺ መኪና ሞታለች። ፍሬኑ ዲስኩን በልቶታል። መለዋወጫውን ከየት እናመጣዋለን?»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ይኸው እየገፏት አይደል?»

«አስጎትቼ እወስዳታለሁ» አለ ሊቀመንበሩና ቁልፉን መሬት ላይ ጥሎላት ወጣ። አልተመለሰም። እኛ ግን ለረጅም ጊዜ በበራችን የከባድ መኪና ድምፅ ባለፈ ቁጥር ትንፋሻችንን እንውጥ ነበር።

የሄዱ ዕለት እናቴ ቁልፉን አንስታ መኪናዋ አጠገብ ሄደች። እጇን የኋላው ቸርኬ ላይ አሳርፋ፣

«እሱ ነው የያዛት» አለች። «ስቦት ስለሄደ ነው።»

ሌላ ክረምት መጣ። ቀሚሴ አጠረኝ። እናቴ የሰው ልብስ እየሰፋች ኖርን። ሊቀመንበሩ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረና በእሱ ቦታ ነገር የማይፈልግ አንድ ሽማግሌ ተቀመጠ። የአባቴ ወሬ ግን ከየትም አልመጣም። ሰው ቤት ስንሄድ ሴቶቹ ስለ እሱ ይጠይቁን ነበር፤ ኋላ ኋላ መጠየቅ ተዉ። አለመጠየቃቸው ይበልጥ ያስፈራል።

ጳጉሜ ላይ አንድ የማናውቀው ሰው በራችንን አንኳኳ። ፀጉሩ ተላጭቷል፣ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። ከእስር መለቀቁ ነው።

«አለ» አላት ለእናቴ። «አብረን ነበርን። በሕይወት አለ። በቅርብ ይፈታሉ ከተባሉት ውስጥ ነው።»

እናቴ የበሩን መቃን ያዘች።

«ጤናውስ? ጤናው እንዴት ነው?»

ሰውየው መሬት መሬት አየ። «ይመጣል» አለ። «ዋናው መምጣቱ ነው።» ውሃ ሰጠነው፣ ጠጣ፣ እንጀራ ሳይበላ ሄደ።

እናቴ የሰማችው የፊተኛውን ቃል ብቻ ነው። እኔም ያው ነኝ። በማግስቱ ራሷ መካኒኩ በር ድረስ ሄደችና፣ «አሁን ፈትግልኝ» አለችው።

ያን ቀን እስከ ዛሬ የትኛውም የበዓል ቀን አይተካልኝም። መካኒኩ ክሪክ አስገብቶ መኪናዋን አነሳት። ብሎኖቹ አልፈታ ብለው ላምባ አፈሰሰባቸው፣ ቆየ፣ በመዶሻ እየመታ ፈታቸው። ጎማው ሲወጣ ውስጡን አየነው፤ ዲስኩ ጨምቆ ከሚይዘው የፍሬን ሸራ ጋር አንድ ሆኖ በቅሏል። መካኒኩ በካቻቪቴ ሲፈለቅቀው ደረቅ ቆዳ የተቀደደ ያህል ጮኸ። ከዚያ ለእኔና ለእናቴ ብርጭቆ ወረቀት ቆርሶ ሰጠን።

«ላምባ የነካው እጅ ሸራውን እንዳይነካ» አለን። «ፍሬን ቅባት ካገኘው አይዝም። ኢንተላ ኮ፣ አንቺ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ።» ልጄ ማለቱ ነው በኦሮምኛ።

ፈተግን። ቀዩ ዝገትና የድሮው ጥቁር ብናኝ ተቀላቅሎ ይነሳል፣ አፍንጫችን ውስጥ ይገባል፣ ላባችን ላይ ይለጠፋል። መካኒኩ ዱቄቱን በአፉ እፍ ይለዋል፤ ይስላል፤ መልሶ እፍ ይለዋል። የዚያ ዘመን ሸራ ብናኝ ሳንባ የሚጎዳ መሆኑን ማን ነግሮት። ቀስ በቀስ ከቅርፊቱ ሥር ብረቱ ብቅ አለ፤ መጀመሪያ እንደ ጭረት፣ ኋላ ሰፊ ሆኖ። አንዳንድ ቦታ ዝገቱ በልቶ ጎድጉዷል። እናቴ ጉድጓዱን በጣቷ እየነካች፣

«ይሄስ?» አለችው።

«እሱ አይጠፋም። ግን ይይዛል።»

እናቴ ፊቷ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ጥቁር ሆኖ ነበር። ሳያት ሳቅኩ። እሷም እኔን አይታ ሳቀች። ድምፁ እንግዳ ሆነብኝ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሰማሁት እንጃ። መካኒኩ ቀና ብሎ ሰማዩን አየና «ዋቅኒ ጅራ» አለ። እግዜር አለ ማለቱ ነው። ከጋራዡ ባትሪ አምጥቶ ገጠመ፤ ሞተሯ ሳለች፣ አጨሰች፣ ተነሳች። ሰፈሩን አንድ ዙር ነድቷት ሲመለስ ዲስኮቹ አዲስ ሳንቲም መስለዋል። እያፏጨ ወረደ።

አባቴ የመጣው አዲስ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ፣ በጋሪ። እናቴ የጋሪውን ደወል ሰምታ ወጣች፣ አየችው፣ እልል ማለት ጀመረች። እልልታዋ መሐል ላይ ተቋረጠ። ባለ ጋሪው በብብቱ ሥር ይዞ እያወረደው ነበር። አባቴ ማሰሪያ የሌለው፣ ከእግሩ የሚሰፋ ጥቁር የሸራ ጫማ ተጫምቷል። መሬቱን ሲረግጥ መሬቱ መኖሩን የተጠራጠረ ይመስላል፤ እግሩን ያሳርፋል፣ ያያል፣ ከዚያ ሌላውን ያነሳል።

አቀፍኩት። አጥንቱ ወጋኝ። በትከሻዬ ላይ አሻግሮ መኪናዋን አየ።

«ማን ነው ያጠባት?» አለ።

«እኛ።»

ሳቀ፤ አፉን በመዳፉ ሸፈነ። የቀረለት ጥርስ ጥቂት ነበር።

የገረፉት ውስጥ እግሩን ነው። እናቴ ጫማውን ስታወልቅለት ውጪ አለችኝ፤ ወጣሁ፤ ግን አይቼ ነበር። ከዚህ በላይ አልነግርህም። «ያምሃል?» ስትለው ከውጪ እሰማለሁ። «አያምም» አላት። «ምንም አይሰማኝም። ችግሩ እሱ ነው።»

መስቀል ካለፈ በኋላ፣ በከዘራም ቢሆን ግቢውን መዞር ሲጀምር፣ አንድ እሑድ መኪናዋን እነዳለሁ አለ። እናቴ ደስ አላት። መካኒኩን ጠራነው። እሱ ከፊት ከአባቴ ጎን ተቀመጠ፣ እኔና እናቴ ከኋላ። አባቴ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ አስነሳት። ማርሽ ሲያስገባ ትንሽ ጮኸች፤ እሱ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስል ዳሽቦርዱን መታ መታ አደረገው። በሰፈራችን አቧራማ መንገድ ቀስ ብለን ሄድን። ሰው ከየበሩ ወጥቶ እጁን ያውለበልባል። እናቴ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ለሁሉም እጅ ትነሳለች፤ ሙሽራ መስላለች።

ከጎን መንገድ አንድ ጋሪ ወጣ። ሴትዮ ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሩቅ ነበር፤ ለመቆም ሰፊ ጊዜ ነበረን። እኔ የአባቴን ማጅራት ነበር የማየው፤ የተረጋጋ ነበር፣ ፍሬን እንደያዘ ሰው። መኪናዋ ግን አልቀነሰችም። ፈረሱ እየቀረበ መጣ። እናቴ ጮኸች። መካኒኩ የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጁ ነቅሎ ሳበው፤ መኪናዋ ተጣመመች፣ አቧራ ሸፈነን፣ ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ቆመ። አቧራው ሲጠራ የፈረሱ ደረት ከኮፈኑ ፊት ነበር። ማንም አልተጎዳም። ባለ ጋሪው መሳደብ ጀምሮ አባቴን ሲያይ ተወው።

«ረግጬዋለሁ እኮ» አለ አባቴ። «ረገጥኩት። የረገጥኩት መስሎኝ ነበር።»

አጎንብሶ እግሩን አየ። እግሩ ከፔዳሉ ጎን፣ ወለሉ ላይ ነበር፤ እስከ መጨረሻ ተጭኖ።

«የእኔ ጥፋት ነው» አለ መካኒኩ በችኮላ። «ዝገቱ በደንብ አልለቀቀም። ሸራውም አርጅቷል። ነገ ፈትቼ አየዋለሁ፤ ፍሬኑ ነው።»

አባቴ ቀስ ብሎ ወደ እሱ ዞረ።

«ፍሬኑ ደህና ነው» አለው። «አትዋሽልኝ ወንድሜ።»

ቦታ ተለዋወጡ። ሲወርድ መካኒኩ ሊደግፈው እጁን ዘረጋ፤ አባቴ በሩን ይዞ ብቻውን ወረደ። ወደ ቤት ስንመለስ በየበሩ የቆመው ሰው አሁንም እጁን ያውለበልብ ነበር። እናቴ መስኮቱን ዘጋች።

መኪናዋ ተመልሳ ከፓፓያው አጠገብ ቆመች። ጠዋት ጠዋት ጤዛው ሲያርፍባት ዲስኩ ላይ ስስ ቢጫ ይጥላል። እናቴ በጨርቅ ትጠርጋለች፤ በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል። አባቴ ከዘራውን ይዞ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ያያታል።

«ተዪው» አላት አንድ ቀን።

«እኔ ልማርና ልንዳት» አልኩ ከኋላቸው። «አባዬ፣ አንተ አስተምረኝ።»

እሺ የሚለኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ፀጉሬን ዳበሰኝ።

«መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ዕድሜሽ ገና ነው። እስክትደርሺ ዝገት ይጨርሳታል። እኔ ደግሞ ያንን ቁጭ ብዬ ማየት አልችልም።»

ይኸው እስከ ዛሬ መንዳት አልተማርኩም። አንተ ለምን ትለኛለህ፤ እኔም መልሱን በቅጡ አላውቀውም።

የገዛት ከአሰላ የመጣ አስተማሪ ነው፤ ወጣት፣ ትሑት ሰው። እናቴ ቤት ውስጥ ቀረች። አባቴ በእኔ ክንድ ተደግፎ እስከ ውጪው በር ወጣና አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ለአስተማሪው ሁሉንም ነገረው፤ ከአሰላ ቁልቁል ስትወርድ በማርሽ ያዛት እንጂ ፍሬን ላይ ተኝተህ አትምጣ፤ ቸርኬዋን እጠብ፤ ካጠብክ በኋላ ትንሽ ንዳትና ፍሬን ያዝ፣ ይደርቃል፤ እርጥቧን የእጅ ፍሬን ስበህ አታቁማት። አስተማሪው በየመሐሉ «እሺ ጋሼ» ይላል። «እርስዎ ለምን ሸጡዋት?» ብሎ አልጠየቀም። እግሩን አይቶ ነበር መሰለኝ።

ሄደች። ቀስ ብላ፣ አቧራውን ብዙም ሳታስነሳ። እኔ ከአባቴ ጎን ተቀምጬ ክንዱን ይዣለሁ። ጥጉ ጋ ስትደርስ ልጆች መንገዱን ሲያቋርጡ አየሁ። በዚያች ቅጽበት የአባቴ ቀኝ ጭን ከጎኔ ተወጠረ፤ በሸራ ጫማው ውስጥ ያለው እግሩ ከፍ አለና መሬቱን ረገጠ፣ አጥብቆ። የኋላ ቀይ መብራቶቿ በሩ። መኪናዋ ቆመች። ልጆቹ ተሻገሩ። መብራቶቹ ጠፉ፣ ታጠፈች፣ ከዓይናችን ተሰወረች።

«ጥሩ ይዛለች» አለ። ለእኔ አልነበረም።

ትንሽ ቆይቶ ክንዴን ያዘና ተነሳ። ከውጪው በር እስከ ደረጃችን ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ያን ዕለት ግን ብዙ ቆየንበት። አልቸኮልንም፤ እሱ እግሩን እያየ ይራመዳል፣ እኔም የእሱን እግር እያየሁ።